መጥረጊያው ሲቆሽሽ

2002 ዓ.ም. ገደማ ፍላሽ ይዞ ኢንተርኔት ካፌ የገባ ሰው ነገሩን አይረሳውም። ፍላሹን ይሰካል፤ ነገ የሚያስረክበው አሳይመንት፣ የእህቱ የሠርግ ፎቶ፣ ስንት ወር የሰበሰበው ዘፈን፣ ሁሉም ሾርትከት ሆኖ ይጠብቀዋል። አንዱን ክሊክ ሲያደርግ ደግሞ ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይሻገራል። የካፌው ልጅ ግን ምንም አይመስለውም። "ቫይረስ ነው። ፎርማት ላድርገው?" ይላል፣ ሻይ ልድገምህ እንደሚል አስተናጋጅ።

እኛ ቤት ያለው ኮምፒውተርም ከዚህ ጣጣ አልዳነም። ዊንዶውስ የጫነልን የሰፈር ልጅ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ሁለት ነገር ነግሮን ነበር። አንደኛ፣ "ክራክ ስለሆነ አፕዴት የሚባል ነገር እንዳትነኩ።" ሁለተኛ፣ "አንቲቫይረሱም ማጽጃውም ነፃ ናቸው፤ አትስጉ።" ልጁ ክፋት አልነበረበትም። ግን ዓመታት ቆይቶ እንደገባኝ ምክሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ልንይዘው የሚገባውን አትንኩ አለን፣ ልንጠይቀው የሚገባውን አትስጉ አለን። ለምን እንዲህ እንደምል የሚገባችሁ የመጥረጊያውን ታሪክ ከሥሩ ስታዩት ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1971 ቦብ ቶማስ የተባለ አሜሪካዊ ክሪፐር የሚባል ፕሮግራም ጻፈ። ክሪፐር የኢንተርኔት አያት በሆነው አርፓኔት ላይ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ "ከቻልክ ያዘኝ" የሚል መልእክት ያሳያል እንጂ ጉዳት አያደርስም። ባልደረባው ሬይ ቶምሊንሰን፣ ያው ኢሜይልን ያመጣልን ሰው፣ ሪፐር የሚባል አሳዳጅ ጻፈለት። ሪፐርም እንደ ክሪፐር በኔትወርኩ ላይ ይዞራል፤ ክሪፐርን ሲያገኝ ያጠፋዋል። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው መጥረጊያና የመጀመሪያው ቆሻሻ ባሕርያቸው አንድ ነበር። መጥረጊያው ለማጽዳት የሰው ቤት መግባት ነበረበት። ይህ ነገር እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

የቤት ኮምፒውተር ጣጣ የጀመረው ግን በ1986 ነው። ፓኪስታን ላሆር ውስጥ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የተባሉ ወንድማማቾች ብሬን የሚባል በፍሎፒ ዲስክ የሚዛመት ቫይረስ ሠሩ። ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር ውስጡ ጻፉበት። እነሱ እንደሚሉት ዓላማቸው የሠሩትን የሕክምና ሶፍትዌር ያለፈቃድ የሚገለብጠውን ሰው ማስደንገጥ ነበር። ክራክና ቫይረስ ትውውቃቸው ከጥንትም ነው ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ፕራግ ውስጥ በአንድ የምርምር ተቋም የሚሠራ ፓቬል ባውዲሽ የተባለ ሰው ቪየና የሚባል ቫይረስ ያለበት ፍሎፒ እጁ ገባ። ቫይረሱን አጥንቶ የሚያጠፋ ፕሮግራም ጻፈ። ቼኮዝሎቫኪያ ያኔ ገና በኮሙኒስት አገዛዝ ሥር ስለነበረች እንደልብ የግል ኩባንያ ማቋቋም አይቻልም፤ ስለዚህ ከጓደኛው ከኤድዋርድ ኩቼራ ጋር የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ አቫስት ብለን የምናውቀው አንቲቫይረስ ከዚህ የመጣ ነው። በ2001 ለቤት ተጠቃሚ በነፃ መስጠት ጀመሩ። ስሌቱ ተንኮል የለበትም፤ ብዙ ሰው ሲጠቀምበት ስሙ ይታወቃል፣ ከፊሉ የሚከፈልበትን ይገዛል፣ አዲስ ቫይረስም ሲነሳ ቶሎ ይታያል። ብዙ ኮምፒውተር ማለት ብዙ ዓይን ማለት ነዋ። በዚህ መንገድ ገንዘብ የሌለው ስንት ሰው ከስንት ጉዳት ድኗል።

እዚህ ላይ ግን ስለ "ነፃ" ቆም ብለን እናውራ። አማርኛችን በአንዱ ቃል ሁለት ነገር ይላል፤ ዋጋ የማይከፈልበትም ነፃ ነው፣ ጌታ የሌለበትም ነፃ ነው። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ያምታታል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ሲያስታውቅ ትግሉ ስለ ሁለተኛው ነበር። ለእሱ ነፃ ሶፍትዌር ማለት ማንም ሰው ኮዱን ከፍቶ ሊያየው፣ ሊለውጠውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሶፍትዌር ነው። የሰፈራችን ልጅ "ነፃ ናቸው" ሲለን ግን የመጀመሪያውን ማለቱ ነበር። አልከፈልንም፤ ውስጡንም አላየንም።

የዚህ ልዩነት ትርጉም በ2017 በደንብ ታየ። ሲክሊነር በዚያ ዘመን ያልተጫነበት ኮምፒውተር ማግኘት ይከብድ ነበር። ጊዜያዊ ፋይሎችን ይጠርጋል፣ ኩኪ ያጠፋል፣ ሬጂስትሪ ያጸዳል፤ ሲጨርስ ይህን ያህል ሜጋባይት አስለቀቅሁ ብሎ ሲነግራችሁ ደስ ይላል። የሠራው ፒሪፎርም የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሆን በሐምሌ 2017 አቫስት ገዛው። ሰርጎ ገቦች ግን ከሽያጩ በፊት ወደ ፒሪፎርም ኔትወርክ ገብተው ኖሯል። በነሐሴ አጋማሽ በወጣው የሲክሊነር አፕዴት ውስጥ የራሳቸውን ኮድ ከተቱበት። ከራሱ ከኩባንያው ድረ ገጽ የወረደ ነው፣ የኩባንያው ዲጂታል ፊርማም አለበት። ወደ 2.27 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ላይ ተጫነ። የሰርጎ ገቦቹ ዒላማ በመካከላቸው ያሉ ጥቂት ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ነበሩ፤ የቀረው ሰው መሸጋገሪያ ሆነ እንጂ የሠራው ስሕተት የለም። ቤቱን ሊጠርግ ነበር፤ ቆሻሻው በመጥረጊያው ገባ።

ሁለተኛው ከሌባ አልመጣም። በጥር 2020 ጋዜጠኞች እንዳጋለጡት፣ የአቫስት ንዑስ ኩባንያ የሆነው ጃምፕሾት ተጠቃሚዎች በኢንተርኔት የት የት እንደገቡ የሚያሳይ መረጃ ይሸጥ ነበር። አቫስት በዚያው ወር ጃምፕሾትን ዘጋው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 ጉዳዩን ይፋ ሲያደርግ መረጃው ከ100 በላይ ለሆኑ ወገኖች መሸጡን ገልጾ ኩባንያው 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገ። ሰው የጫነው እንዳይሰለል ብሎ ነበር። ፕራግ ውስጥ ከአንድ ፍሎፒና ከአንድ ሰው ቅንነት የተጀመረ ሥራ እዚህ ደረሰ። ሰዎቹ ሁሉ ክፉ ስለነበሩ አይደለም፤ ዋጋው ከእናንተ ኪስ ካልወጣ ከሌላ ቦታ መውጣቱ ስለማይቀር ነው። ከየት እንደሚወጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነበር።

በመካከሉ የሰፈራችን ልጅ "አትንኩ" ያለንስ? ያ በፍላሽ የሚዛመት በሽታ አንዱ መንገዱ ዊንዶውስ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራምን በራሱ እንዲጀምር የሚፈቅደው አውቶራን ነበር። ማይክሮሶፍት በየካቲት 2011 በአፕዴት አማካይነት ይህን ለፍላሽ ዘጋው። መድኃኒቱ መጥቶ ነበር፤ እኛ በሩን ዘግተን ተቀምጠናል። በግንቦት 2017 ዋናክራይ ዓለምን ሲያምስ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ሥራ ሲያስፈታ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር።

ዛሬ ነገሩ ቀሎልናል። ከ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር አብሮ ስለሚመጣ ለአብዛኛው ቤት ሌላ አንቲቫይረስ ፍለጋ መዞር አያስፈልግም። ጊዜያዊ ፋይል መጥረጊያውም ዊንዶውሱ ውስጥ አለ፤ ሬጂስትሪ ማጽጃን ማይክሮሶፍት ራሱ አይደግፍም። ሐሰተኛ "ዳውንሎድ" ቁልፍ ለሚያመጣው ማስታወቂያ ዩብሎክ ኦሪጅን አለ፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በጥቅምት 2025 አብቅቷልና ወደ 11 መሸጋገር ለማይችል ኮምፒውተር ሊኑክስ ሚንት አለ፤ ክራክ አይፈልግም፣ አፕዴቱን የሚፈራም የለም። የሁለቱም ዓይነት ነፃ ነው። ክፍት ኮድ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም፤ ማየት የሚፈልግ ሰው ማየት ይችላል ነው የምለው።

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። "በጣም ቀርፋፋ ሆነብኝ፤ አንድ ጥሩ ማጽጃ ጫንልኝ" አለኝ። ከፍቼ ሳየው ሦስት ማጽጃና ሁለት አንቲቫይረስ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ሁሉንም አነሳኋቸው። አብረው ከሚነሡት ፕሮግራሞች የማይፈልጋቸውን አጠፋሁ፤ ለወራት ሲገፋው የከረመውን አፕዴት አስጨረስኩት፤ ፎቶዎቹን በሌላ ሃርድ ዲስክ ገለበጥንለት። ሲከፍተው ቶሎ ተነሳ።

"ምን ጫንክልኝ?" አለኝ።

"ምንም።"

አላመነኝም። ቻርጀሩን እየጠቀለለ፣ "ግን እኮ ነፃ ነበሩ" አለኝ።