የአፄ ሱስንዮስ የጎርጎራ ግምብ ዜና

በእግዚአብሔር ረድኤት፣ ስመ መንግሥታቸው ሥልጣን ሰገድ የተባለው አፄ ሱስንዮስ በጣና ዳር ያሠሩትን ቤትና የዚያን ስፍራ ፍጻሜ እንጽፋለን። የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላምና የሰከላ ሰው ይህን ዜና የሩቅ አገር ነገር ነው ብሎ አይለፈው፤ የዚህ ንጉሥ ዙፋን የጸናው በጎጃም ምድር ነውና።

ሱስንዮስ ገና ልጅ ሳሉ በኦሮሞ ጦር ተማርከው በዚያው አደጉ፤ ቋንቋውንና የጦር ስልቱን ተማሩ። ከጎለመሱ በኋላ ተከታይ አሰባስበው ከአገር አገር እየዞሩ ብዙ ዘመን በሽፍትነት ኖሩ። በ1599 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በጎጃም፣ ጎል በተባለው ስፍራ ከአፄ ያዕቆብ ጋር ገጠሙ። በዚያ ቀን አፄ ያዕቆብ ወደቁ፤ አብረዋቸው የዘመቱት ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስም ሞቱ። መንግሥት ለሱስንዮስ ሆነ።

ከዚህ አራት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1595 ዓ.ም.፣ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የእስፓንያ ተወላጅ፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፣ በምጽዋ በኩል ገብቶ ነበር። ቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ሊሻገር ሲል በባሕር ላይ ተይዞ በየመን ሰባት ዓመት በምርኮ ኖሯል። ትዕግሥተኛ ሰው ነበረ፤ ግዕዙንም አማርኛውንም አጠና፤ በንጉሡም ዘንድ ሞገስ አገኘ።

ንጉሡም በጎርጎራ፣ ወደ ሐይቁ ገባ ባለው ምድር ላይ ከተሙ። በ1606 ዓ.ም. ገደማ ፓኤዝ የድንጋይ ቤት ይሠራላቸው ጀመር። መዶሻውና መሮው እንዴት እንደሚበጅ ለአንጥረኞች አሳየ፤ ራሱም ድንጋይ እየጠረበ አስተማረ። ቤቱ ደርብ ሆኖ ሲቆም ሕዝቡ ከየአገሩ እየመጣ «ቤት ላይ ቤት!» እያለ አደነቀ። ከሰገነቱ ላይ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። የፓኤዝ ሙያ ተጽፎ ቀርቷል፤ ድንጋዩን ፈልጠው፣ ተሸክመው፣ ጠርበው ያቆሙት ያገራችን ሰዎች ግን ስማቸው አልተጻፈም። ስለዚህ አዝናለሁ፤ ግምቡ የእነርሱም ነውና።

በ1610 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ንጉሡ ሠራዊታቸውን ይዘው በጎጃም ሳሉ ፓኤዝ ሰከላ ወጥቶ የዓባይን ምንጭ፣ ግሽ ዓባይን፣ አየ። ቂሮስና እስክንድር ሊያዩት የተመኙትን በማየቱ ደስ እንዳለው በጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አኑሯል። ጀምስ ብሩስ የሚባል ተጓዥ በ1763 ዓ.ም. መጥቶ የፓኤዝን ምስክርነት ሊክድ ሞከረ፤ እውነቱ ግን ከፓኤዝ ጋር ነው። ያ የሰከላ ውሃ በግልገል ዓባይ ወርዶ ንጉሡ ቤት ካሠሩበት ከጣና ይገባል። ለእኛ ለጎጃሞች የምንጩና የግምቡ ዜና አንድ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በ1614 ዓ.ም. ንጉሡ የሮምን ሃይማኖት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ፓኤዝ በጎርጎራ ሞተ። ከእርሱ በኋላ ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። በ1618 ዓ.ም. በየካቲት ንጉሡንና መኳንንቱን ለሮም ጳጳስ አስማለ፤ ካህናቱ ዳግመኛ ይካኑ፣ ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ አለ፤ ግዝረትንና የቅዳሜን ሰንበት ከለከለ። በጎጃም ላይ የተሾሙት የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስም በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የበረቱ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ አግኝቶ ነበርና፣ ዛሬ ማርያም ግምብ የምንለው የጎርጎራ ቤተ ክርስቲያን በኖራ ተገነባ።

ሕዝቡ ግን እንቢ አለ፤ አገር በየአቅጣጫው ሸፈተ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ከላስታ ሰዎች ጋር ብርቱ ውጊያ ሆነ። ንጉሡ አሸነፉ፤ በሜዳው ላይ የወደቁት ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ያገራቸው ክርስቲያኖች ነበሩ። ድሉ ሐዘን ሆነባቸው። በሰኔ ወር የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። በ1625 ዓ.ም. በመስከረም ዐርፈው በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ኢየሱሳውያን ከአገር ወጡ፤ አፄ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ። ሱስንዮስ ቤት በማነጽ ብልህ፣ ሕዝብን በግድ ሃይማኖት በማስለወጥ በዳይ ነበሩ ብዬ እፈርዳለሁ።

እኛም ይህን ማርያም ግምብ ለማየት ከቡሬ በማለዳ ተነሣን። በቲሊሊ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ አልፈን ባሕር ዳር አደርን። በማግስቱ በጎንደር መንገድ ሄደን፣ ንጉሡ በተቀበሩበት በአዘዞ ታጥፈን፣ በቆላ ድባና በጯሂት ወርደን ጎርጎራ ገባን። የደብረ ሲና ማርያምን ሥዕሎች ተሳልመን በጀልባ ወደ ግምቡ ተሻገርን።

የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ወድቋል። በቀረው ግድግዳ ላይ ጽጌረዳ በየክፈፉ ተቀርጿል። አንዱን አበባ በጣቴ ተከትዬ ዳሰስሁት፤ ቅጠሉ ሁሉ እኩል ተከፍሏል፣ መሮው የጫረው መስመርም ገና አልጠፋም። ከአበባው በላይ ግን ቁጥቋጦ ሥሩን በኖራው መካከል ሰድዶ ግድግዳውን ሰንጥቆታል። ጥርብ ድንጋዮች በሣር ውስጥ ወድቀዋል፤ ከአንዱ ላይ ያለው ጽጌረዳ ፊቱ ወደ ሰማይ ሆኖ ዝናብ ይመታዋል። የእስፓንያ አርኪዮሎጂስቶች ይህን ስፍራ ለዓመታት ቆፍረው አጥንተው ጽፈውለታል፤ እኛ ባለቤቶቹ ግን ቁጥቋጦውን እንኳ አልነቀልንለትም።

እንግዲህ በቡሬና በፍኖተ ሰላም የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን መጀመሪያ ሰከላ ምንጩን፣ ቀጥሎም ጎርጎራ ግምቡን አሳዩ። የጎርጎራ ሰዎችም ከወደቀው ጥርብ ድንጋይ አንዱን እንኳ ለቤት መሠረት አታንሡ። ቅርስ እንድትጠብቁ የተሾማችሁ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ሥሩን ከግድግዳው አስነቅሉ፤ የወደቁትንም ድንጋዮች ቆጥራችሁ ከዝናብ አስጠልሉ።