ከጠገራ ብር እስከ ቴሌብር፦ ገንዘቡ የማን ነው?

የጨፋ ሸለቆ በበጋ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአማራውም ከብት የሚሰማራበት ግጦሽ ነው። ከብቱ ከሚሴ ወይም ሰኞ ባቲ ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ ገንዘብ ይሆናል። ዛሬ የምንጠይቀው ታዲያ ስለ ገንዘቡ ነው፤ ለመሆኑ ሠሪው ማን ነው?

ለአያቶቻችን መልሱ «ቪየና» ነበር። የማሪያ ቴሬዛ ምስልና 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ጠገራ ብር የአገራችንን ገበያ ይገዛ ነበር። አፄ ምኒልክ በፓሪስ የራሳቸውን ብር ቢያስቀርጹም ሕዝቡ የለመደውን አልለቀቀም። የገንዘቡ መብዛትና ማነስ የሚወሰነው በውጭ ንግድና በብር ማዕድን ዋጋ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ብዙም እጅ አልነበረውም። ይባስ ብሎ በ1927 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ጠገራውን የመቅረጽ መብት ከኦስትሪያ አገኘ። ሊወረን የተሰናዳው መንግሥት የገበያችንን ገንዘብ ቀራጭ ሆነ ማለት ነው!

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ፤ በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ሥራ ጀመረ። ገንዘቡ ወደ ቤቱ ገባ።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር መጣ። ብሩ የስልክ ውስጥ ቁጥር ሆነ፤ ቁጥሩን የሚይዘውም ባንክ ሳይሆን የቴሌኮም ድርጅት ነው። ብሔራዊ ባንክ እንደገና ሥልጣኑን አጣ እንዴ? አላጣም። በሕጉ መሠረት በስልክ ለሚታየው ለእያንዳንዱ ብር እኩያው ባንክ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ቴሌው ከባዶ ብር አይፈጥርም።

ሆኖም ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛ፣ ገንዘቡ ይፈጥናል። ያው አንድ ብር በቀን ብዙ እጅ ሲዞር፣ ዕቃው ካልጨመረ ዋጋ ይገፋል። ሁለተኛ፣ ሣጥን ውስጥ የተኛው ብር ባንክ ይገባል፤ ባንኩም ያበድረዋል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አውጥቶ ኢኮኖሚውን በወለድ መምራት ጀምሯል። ሣጥን ውስጥ ያለ ብር ግን ወለድ ወጣ ወረደ ብሎ አይሰማም። ባንክ የገባው ይሰማል። በዚህ በኩል ስልኩ ለማዕከላዊ ባንኩ ጠላት ሳይሆን ረጅም እጅ ነው።

ችግሩ እምነት ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ጠገራ ብር ኔትወርክ አይፈልግም። ከብት ነጋዴው ገንዘቡን በፈለገበት ሰዓት እንደሚያገኘው ካላመነ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፤ ያኔ የወለዱ ፖሊሲም ከአዲስ አበባ አይርቅም። የምኒልክ ብር ያስተማረን ይህንኑ ነው፦ ገንዘብን መንግሥት ያውጃል፤ የሚያጸድቀው ግን ገበያተኛው ነው።