የምርኮኞች ክፍል

የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። ትውፊቱ እንደሚነግረን፣ በዮዲት ዘመን ከአክሱም የተሰደዱ ካህናት ታቦትና መጻሕፍት ይዘው በዝዋይ ደሴቶች ተጠልለዋል። ደሴት ለእነርሱ መሸሸጊያ ነበረች። በጣልያን ወረራ ዘመን ግን ለብዙ ኢትዮጵያውያን ወህኒ ሆነች።

ቀኑን በባንክ ከአኃዝ ጋር ስታገል እውልና፣ ማታ ማታ በሐሳቤ አንዲት የሙዚየም ክፍል አሰናዳለሁ፤ የምርኮኞች ክፍል።

የመጀመሪያው ግድግዳ የዓድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወደ 1,900 የሚጠጉ ጣልያኖች ተማረኩ፤ ጥቅምት 1889 ዓ.ም. የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ። አብረዋቸው የተማረኩት አስካሪዎች ግን ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆረጡ። ይህን የሚሰውር ግድግዳ ሙዚየም ሊባል አይገባውም።

ሁለተኛው ግድግዳ የፖንዛ ነው። ልዑል ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ሰጥተው ወደዚያች ደሴት ተጋዙ። ሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረደው ሙሶሊኒም በተራው እዚያው ታሰረ። ከልዑሉ ጋር የተማረኩት ሐዲስ ዓለማየሁ በፖንዛና በሊፓሪ ታስረዋል። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያበረከቱልን እኒያው እስረኛ ናቸው፤ የዚያን ዘመን ነገርም በ«ትዝታ» ጽፈው አቆይተውልናል።

ሦስተኛው ግድግዳ ያስጨንቀኛል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ቀሳውስት፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ወደሚገኘው ዳናኔ ተጋዙ። ከድል በኋላ አንድ የቀድሞ እስረኛ በሰጠው የምስክርነት ቃል ከ6,500 ገደማ እስረኞች 3,175ቱ በዚያ አልቀዋል፤ የገደላቸውም ክፉ ምግብ፣ ጨዋማ ውሃና ወባ ነው። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና ቀንሼ 3,325 አገኛለሁ። በመዝገቤ ላይ ሒሳቡ ይዘጋል፤ የሰዎቹ ነገር ግን አይዘጋም፤ ስማቸውን ጽፌ የምሰቅለው የለኝማ!

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እኛ ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች ወደ ሁለተኛው ግድግዳ እናዘነብላለን፤ ብዕር የያዘ እስረኛ ይናገርልናልና። ብዕር ያልያዘው ግን ሁለት ጊዜ ይሞታል፤ አንድ ጊዜ በዳናኔ፣ አንድ ጊዜ በእኛ ዝምታ። ስለዚህ ሦስተኛውን ግድግዳ ባዶ አልተወውም። ከሥሩ ጠረጴዛ፣ ወረቀትና እርሳስ አኖራለሁ፤ አያቱ ተግዘው ያልተመለሱለት ጎብኚ ስማቸውን በእጁ ይጻፍ። ክፍሏ እስክትሠራ ድረስ ግን፣ በቤታችሁ ያለውን አረጋዊ ዛሬውኑ ጠይቁ።