ከመቶው 13ቱ

እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ ለስድስት ሕሙማን የሌላ ሰው የአጥንት መቅኔ ሰጡ። ስድስቱም 100 ቀን ሳይሞላቸው አረፉ። ብዙዎች ነገሩን ተዉት፤ ቶማስ ግን ለዓመታት በውሾች ላይ መሞከራቸውን ቀጠሉ።

በ1977 ቡድናቸው ኬሞቴራፒ ያላዳናቸው የ100 የደም ካንሰር ሕሙማንን ውጤት አወጣ። የወንድም ወይም የእህት መቅኔ ተሰጥቷቸው 13ቱ ከበሽታው ነጻ ሆነው ኖሩ። ሌላ ተስፋ ላልነበራቸው ሰዎች 13 ትንሽ ቁጥር አይደለም። ቶማስ በ1990 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

የሚያድነው ጨረሩና መድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ የለጋሹ ነጭ የደም ሴሎችም የተረፈውን ካንሰር እያደኑ ይገድላሉ። እነዚሁ ሴሎች ግን የታማሚውን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበት ሊያጠቁ ይችላሉ። ስለዚህ የሁለቱ ሰዎች የሕብረ ሕዋስ ዓይነት መግጠም አለበት።

ከአንድ ወንድም ወይም እህት ጋር የመግጠም ዕድል 25 በመቶ ነው። ካልተገኘ ፍለጋው ወደ በጎ ፈቃደኞች መዝገብ ይሄዳል። በአሜሪካ መዝገብ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ለጋሽ የማግኘት ዕድል ለነጮች 79፣ ለጥቁሮች 29 በመቶ ነው። ዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊም ለጋሽ የሚፈልገው ከዚሁ መዝገብ ነው። ግማሽ በሚገጥም ለጋሽ መጠቀም ክፍተቱን እያጠበበው ቢሆንም፣ መዝገቡ ላይ የሌለ ሰው አይገኝም። ለመመዝገብ ደግሞ የሚበቃው ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ መጥረግ ነው።