የጥይት በርና የበሩ ጠባቂ

ነፍጥ በእጅ ይያዛል፤ ባሩዱና ጥይቱ ሲያልቅ ግን ወደ ሻጩ ደጅ ያስኬዳል። ስለዚህ የጥይቱን ገበያ የያዘ ሰው ባለነፍጡንም ይገዛል።

የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ትግሬን ጨምረው በመያዛቸው የምፅዋ መንገድ ቀርቧቸው ነበርና በነፍጥ ብዛት የታወቁ ሆኑ። ይሁን እንጂ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ተነሡ፤ ደጃዝማች ካሣም በዚያው በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ወደቡ በባዕድ እጅ ስለ ነበረ ንጉሠ ነገሥቱ መድፉን በገዛ አገራቸው በጋፋት ማሠራት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ የበሩ ቁልፍ በውል የሚጻፍ ሆነ። በ1882 ዓ.ም. የብራስልስ ጉባኤ ወደ አፍሪካ ሰፊ ክፍል የሚገባውን የጦር መሣሪያ ለመከልከል ወሰነ። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ግን ኢትዮጵያ፥ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በፓሪስ ተፈራርመው፥ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ እንዲሆን ተስማሙ።

በ1927 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲቃረብ እንግሊዝ ለኢትዮጵያም ለኢጣሊያም የመሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ መስጠትን አቆመች። ቃሉ ለሁለቱ እኩል ነበረ፤ ፍሬው ግን እኩል አልነበረም። ኢጣሊያ ጥይቱን በፋብሪካዋ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ግን ከውጭ ትገዛ ነበርና። እገዳው በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ለኢትዮጵያ ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ግን ጎንደር በጠላት እጅ ወደቀች።

ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ በጥይት መነገድ የተከለከለ ነው። በሩን መጠበቅ የመንግሥት ተግባር ነው፤ ነገር ግን ጠባቂው ክልከላው በማን ላይ እንደሚከብድ አስቀድሞ ይመዝን ዘንድ ታሪክ ያስተምረዋል።