የዘር ፍሬ ላይ የሚወጣ እብጠት፦ ገዳይ የነበረው በሽታ እንዴት የሚድን ሆነ?

በወረታና በፎገራ ዙሪያ ያላችሁ ወጣቶችና ወላጆች፣ ዛሬ ብዙ ሰው አፍሮ የሚደብቀውን የአንድ በሽታ ታሪክ ላጫውታችሁ።

አንድ ወጣት ገላውን ሲታጠብ የዘር ፍሬው ላይ ጠጠር የመሰለ፣ የማያም እብጠት ቢያገኝ ምን ይላል? «ቡአ ነው»፣ «የሩዝ ጆንያ ስሸከም ነው» ብሎ ይተወዋል። እውነት ነው፣ ብዙ እብጠት ቡአ ወይም ውሃ መቋጠር ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን ከ15 እስከ 40 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ካንሰርም ሊሆን ይችላል።

ሩዝ በፎገራ ሜዳ ከመስፋፋቱ በፊት፣ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ ይህ ካንሰር ወደ ሳንባ ከተዛመተ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ሀብታም አገር መወለድም ብዙ አያድንም ነበር።

ለውጡ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሲያጠና ባክቴሪያዎቹ መራባት አቆሙ። ምክንያቱ ኤሌክትሪኩ ሳይሆን መሣሪያው ከተሠራበት ፕላቲነም የወጣው ውህድ መሆኑ ታወቀ፤ ግኝቱም በ1965 ታተመ። ከዚህ ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ተገኘ።

በ1974 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሎውረንስ አይንሆርን ይህን መድኃኒት ከሌሎች ሁለት ጋር አጣምረው፣ ቀደም ያለው ሕክምና ላልሠራለት ጆን ክሌላንድ ለተባለ ወጣት ሰጡት። ወጣቱ ዳነ፤ መምህር ሆነ፤ ልጆችም ወለደ። በ1996 ደግሞ ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ በ25 ዓመቱ፣ ካንሰሩ ሳንባውና አንጎሉ ድረስ ከተዛመተ በኋላ ታክሞ ተርፏል። ዛሬ ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ከ100 ታማሚዎች 95 ያህሉ ይድናሉ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ከተገኘ 50 ዓመት አልፎታል። የቀረው የእኛ ቶሎ መምጣት ነው።

ስለዚህ፦

• እብጠት ካገኛችሁ ባያምም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የአልትራሳውንድና የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ሪፈር ሊጻፍላችሁ ይችላል።

• እብጠቱን አታሹት፣ አታስበጡት፣ በመርፌም አታስወጉት። ካንሰር ከሆነ ሊሰራጭ ይችላል።

• አንዱ የዘር ፍሬ በቀዶ ሕክምና ቢወጣም፣ ጤነኛ የሆነው ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ለመውለድ ይበቃል። ኬሞቴራፒ ከመጀመሩ በፊት ግን ስለ መውለድ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

• ወላጆች፣ የልጃችሁ የዘር ፍሬ እስከ 6 ወሩ ድረስ ወደ ከረጢቱ ካልወረደ አሳዩት። ያልወረደ የዘር ፍሬ ለካንሰር ያለውን ተጋላጭነት ይጨምራል።

• ድንገተኛና ከባድ ሕመም ከሆነ ለነገ አይባልም! የዘር ፍሬው ተጠምዝዞ ሊሆን ስለሚችል በ6 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

አባቶች በግልጽ ሲናገሩ ልጆች አይደብቁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለወንድም፣ ለልጅ፣ ለጓደኛ አጋሩት።