የታሰረው ጀግና እና የሰባት ቀን ቀጠሮ

በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተሣሉትን ሥዕሎች ከልጅነቱ ጀምሮ እያየ ያደገ ሰው፣ ኃያል በእግር ብረት ተይዞ ማየት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ወደ ሲኒማ ቤት መሄድ አያሻውም። ጠጉሩ ተላጭቶ፣ ዓይኑ ጠፍቶ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የቆመው ሶምሶን፣ በግበ አናብስት የተጣለው ነቢዩ ዳንኤል፣ ከነልብሳቸው ታስረው ወደ እቶነ እሳት የተወረወሩት ሠለስቱ ደቂቅ፣ በመንኰራኩር የተሠቃየው ሊቀ ሰማዕታት ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ እነዚህ ሁሉ የሚመሰክሩት የሰው ኃይል ምን እንደ ሆነ ጠርቶ የሚታየው ክንዱ በታሰረ ጊዜ መሆኑን ነው። ነገር ግን በእነዚህ ታሪኮች እስራቱና ፍቺው በአንድ ንባብ ይፈጸማሉ፤ ምእመናን ዳንኤልን ከአንበሶቹ ጋር ትተው ወደየቤታቸው አይበተኑም። ጀግናውን አስሮ፣ ቋጠሮውን አጥብቆ፣ ከዚያ በኋላ ተመልካቹን «በሚመጣው ሳምንት ተመለስ» ብሎ የሚያሰናብተው ጥበብ ከሌላ ማኅፀን የወጣ ነው፤ የወለዱትም መጽሔትና ጋዜጣ አሳታሚዎች፣ ያሳደጉትም የሲኒማ ነጋዴዎች ናቸው።

ገመዱ ግን በሲኒማ ቤት አልተፈተለም። አውጉስቲን ዴሊ የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት በ1867 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራቸዋለን) «በጋዝ ብርሃን ሥር» የተሰኘውን ድራማ በኒው ዮርክ መድረክ ባሳየ ጊዜ፣ ሰውን በባቡር ሐዲድ ላይ አስሮ የባቡሩን ድምፅ ከሩቅ ማሰማት ምን ያህል ልብ እንደሚያቆም ለዓለም አስተማረ። ዛሬ ስለዚህ ትዕይንት የሚያስብ ሰው ሁሉ በሐዲዱ ላይ የምትጮኽ ቆንጆ ልጅ፣ ከአጠገቧም ጢሙን የሚያሽከረክር ወንበዴ ይታየዋል። በዴሊ ተውኔት ውስጥ የታሰረው ግን ስኖርኪ የሚባል፣ በእርስ በርሱ ጦርነት አንድ እጁን ያጣ የቀድሞ ወታደር ነው፤ በአንዲት ጎጆ ተዘግቶባት የነበረችው ሎራ ደግሞ በሯን በመጥረቢያ ሰብራ ወጥታ ባቡሩ ከመድረሱ በፊት ታድነዋለች። ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ እንግሊዛዊው ቶማስ ሃርዲ «ጥንድ ሰማያዊ ዓይኖች» የተባለውን ልቦለድ በመጽሔት በየወሩ ሲያወጣ፣ ሄንሪ ናይት የተባለውን ሰው ከባሕር በላይ በገደል አፋፍ ላይ አንጠልጥሎ አንባቢውን እስከሚቀጥለው እትም አስጠበቀው፤ ናይትን ያወጣችውም ኤልፍሪድ ናት፣ ያወጣችውም የውስጥ ልብሷን ቀድዳ በፈተለችው ገመድ ነው። እንግዲህ ወንዱ ታስሮ ወይም ተንጠልጥሎ ሴቲቱ የምታድንበት ታሪክ ከዚህ የጀመረ ሲሆን፣ ነገሩን የገለበጡት ኋላ የመጡ ኮራጆች ናቸው። ገልብጠውትም ብዙ አልቆዩ፤ በ1913 ፊልም ሠሪው ማክ ሴኔት ተዋናይቱን ሜብል ኖርማንድን በሐዲድ ላይ አስተኝቶ በሰንሰለት ሲያስራት፣ ያን ጊዜ እንኳ ነገሩ የሚሣቅበት ቀልድ ሆኖ ነበር።

ወደ ሲኒማው እንምጣ። በ1912 የኤዲሰን ኩባንያ ከአንድ የሴቶች መጽሔት ጋር ተስማምቶ የማርያምን፣ በእነርሱ አጠራር የሜሪን፣ ገጠመኝ በየወሩ በፊልም ማሳየት በጀመረ ጊዜ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ የተፈጸመ ነበር። በ1913 መጨረሻ ግን ሴሊግ የተባለው የፊልም ኩባንያና ቺካጎ ትሪቡን የተባለው ጋዜጣ አንድ ውል አደረጉ፤ የካትሊን ታሪክ በጋዜጣው እየተነበበ በሲኒማ ቤቱ እየታየ 13 ክፍል እንዲሄድ፣ ጋዜጣው ለሲኒማው፣ ሲኒማውም ለጋዜጣው ደላላ እንዲሆን። በሚቀጥለው ዓመት የኸርስት ጋዜጦችና የፓቴ ኩባንያ በዚሁ መንገድ ገብተው በ20 ክፍል የተከፋፈለውን «የፖሊን አደጋዎች» አወጡ፤ ፐርል ዋይት የተባለችው ተዋናይት የሀብታም ወራሽ ሆና፣ ከማግባቷ በፊት ዓለምን ልይ ብላ ስትወጣ፣ ርስቱን የሚመኘው የአሳዳጊዋ ጸሐፊ በየክፍሉ ሞት ያዘጋጅላታል። ብዙዎች ፖሊን በባቡር ሐዲድ ላይ ታስራ እንደ ነበር በእርግጠኝነት ይናገራሉ፤ የሚያስታውሱት ግን የሌሎችን ፊልም ነው። ፖሊንን የምናገኛት በተለቀቀ ግዙፍ ፊኛ ውስጥ ብቻዋን ወደ ሰማይ ስትወጣ ነው።

ክፍሎቹ መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ኋላ በየሳምንቱ የሚወጡ ሆኑ፤ የጀግናው የእስራት ዘመንም በዚሁ ልክ ተወሰነ። ስለዚህ በሥዕሉ ውስጥ ገመዱን የሚያጠብቀው ክፉ ሰው አገልጋይ እንጂ ጌታ አይደለም ብንል አንሳሳትም፤ ጌታው ሁለተኛውን ሳንቲም የሚጠብቀው ባለ ሲኒማ ቤት ነው።

ይህ ንግድ ወደ ፍጹምነት የደረሰው በ1930ዎቹ ነው። አሌክስ ሬይመንድ በ1934 በጋዜጣ የእሑድ ገጽ መሣል የጀመረው ፍላሽ ጎርደን በ1936 ዩኒቨርሳል ኩባንያ በ13 ክፍል ፊልም ሲያደርገው፣ ጀግናውን የተጫወተው በስተር ክራብ ከአራት ዓመት በፊት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በዋና የወርቅ ሜዳልያ ያገኘ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰውነት ያለው ሰው ሰንሰለት ሲገባለት ማየት ለተመልካቹ ከቁጣም ከሐዘንም የተለየ ስሜት ነው፤ ዋርካ ሲቆረጥ እንደማየት ያለ። ፍላሽ በሞንጎ ዓለም ገና ከመድረሱ ንጉሡ ሚንግ ይማርከዋል፣ ጠጉራቸው ከሸፈናቸው ጭራቆች ጋር በአደባባይ እንዲታገል ያደርገዋል፤ የሚንግ ሴት ልጅ አውራ ዘልላ ከጎኑ በቆመች ጊዜ መሬቱ ከሥራቸው ይከፈታል፣ ሁለቱም ወደ ጥልቅ ይወድቃሉ፤ ሥዕሉም እዚያ ላይ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ፍላሽ በውኃ ይታፈናል፣ በክንፋሞቹ ሰዎች ከተማ የእቶን እሳት እንዲያነድ ባርያ ይደረጋል፤ ብዙውን ሰዓት በእስር ያሳልፋል።

እዚህ ላይ ልጅ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ይነሣል፦ ጠላት እጁ ከገባለት ለምን ወዲያው አይገድለውም? ለዚህ የነጋዴውን መልስ ቀደም ብለን ሰጥተናል። ከታሪኩ ውስጥ ግን ሌላ መልስ ይገኛል፤ ሚንግ የሚሻው የፍላሽን ሞት ሳይሆን የፍላሽን መንበርከክ ነው፣ መንበርከኩም ሰው እያየ እንዲሆን ይፈልጋል። ናቡከደነፆርም እቶኑን ሰባት እጥፍ ያስነደደው ሦስት ልጆችን ለመግደል ያ ሁሉ እሳት አስፈልጎት አልነበረም። በሥዕሉ ዓለም ያለ ክፉ ሰው ሁሉ ምስክር የሚሻ ነው፤ ከምስክርም ሁሉ የሚወደው ታሳሪውን ራሱን ነው፤ ስለዚህም ዕቅዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርክለታል። አንደበተ ርቱዕ መሆኑ ነው የሚያጠፋው።

የእኛ አገር ልጆች በየቪዲዮ ቤቱ ጀግናውን «አክተሩ» ብለው ይጠሩት ነበር፣ «አክተር አይሞትም» የሚለውም ፍርድ ከዚያው የወጣ ነው። ይህን ፍርድ የአሜሪካም ልጆች በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰልፈው ሲገቡ በልባቸው ያውቁት ነበር፤ የማያውቁት እንዴት እንደሚያመልጥ ነበር። ሰባቱን ቀን በትምህርት ቤት ግቢ ሲከራከሩ የሚያሳልፉት በዚህ ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ደግሞ የዚህ ጥበብ እውነተኛው ክፍል በሸራው ላይ ያለው ሃያ ደቂቃ ሳይሆን በመካከሉ ያለው ሰሙን ነው። አምራቾቹ ግን ይህን አደራ ሁልጊዜ አልጠበቁም። መኪናው ጀግናውን ይዞ ከገደል ሲገለበጥ ባለፈው ሳምንት በዓይኑ ያየ ልጅ፣ በዚህ ሳምንት ያው ሥዕል ሲደገም ጀግናው መኪናው ከመውደቁ በፊት ዘልሎ ሲወርድ ያያል፤ ባለፈው ሳምንት ያልነበረ ዝላይ። ይህ ሽንገላ ነው፤ በልጅ ላይ የተፈጸመ ስለሆነም የከፋ ሽንገላ ነው።

በሥዕል መጽሔቶች፣ ማለት በኮሚክ፣ ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። የኮሚክ ጀግና ተራራ የሚያነሣ ስለሆነ ተራ ገመድ አይዘውም፤ ስለዚህ ደራሲዎቹ ለእያንዳንዱ ጀግና የሚገባውን እስራት መፈለግ ነበረባቸው። በ1940 የተወለደው ካፒቴን ማርቭል በእውነቱ ቢሊ ባትሰን የሚባል ብላቴና ነው፤ «ሻዛም» ባለ ጊዜ መብረቅ ወርዶ ኃያል ሰው ያደርገዋል። የዚህች ቃል የመጀመሪያ ፊደል ለንጉሥ ሰሎሞን ጥበብ የቆመች ናት፤ የቀሩት ለግሪክና ለሮም አማልክትና ጀግኖች ተሰጥተዋል፤ እነርሱ ኃይሉን ሲያዋጡ ጥበቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ መበደራቸው ደስ ያሰኛል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ኃይል ለማሰር የብረት ሰንሰለት አያስፈልግም፤ በብላቴናው አፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ ይበቃል። በ1941 ሪፐብሊክ ኩባንያ ታሪኩን በ12 ክፍል ፊልም ባደረገው ጊዜ ጠላትየው ጊንጥ በመጨረሻው ክፍል ቢሊን ማርኮ ምስጢሩን ከአፉ ሊሰማ ፈለገ፤ ሰማውም። ከሰው አካል ሁሉ ታላቁ የጦር መሣሪያ ልሳን መሆኑን ከዚህ በተሻለ ያስረዳ የልጆች ታሪክ አላገኘሁም።

በ1941 መጨረሻ የወጣችው ዎንደር ዉማን ደግሞ ከሁሉም በላይ የምትታሰረው ናት። ፈጣሪዋ ዊልያም ሞልተን ማርስተን የሥነ ልቡና ሊቅ ሲሆን፣ ሰው ሲዋሽ የደሙ ግፊት እንዴት እንደሚለወጥ ያጠና፣ ለውሸት መመርመሪያ መሣሪያም መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነበር። በእርሱ ሕግ መሠረት የጀግናይቱ አንባሮች በወንድ እጅ በሰንሰለት ከተያያዙ ኃይሏ ሁሉ ይጠፋል። በየእትሙ ሰንሰለቱ ስለበዛ ከአሳታሚው አማካሪዎች አንዲቱ ተቃውሞዋን በጽሑፍ አቀረበች፤ ማርስተን ግን ሴት ሰንሰለቷን በራሷ ስትበጥስ ማሳየት ከፈለግን አስቀድማ መታሰር አለባት ባይ ነበር። ክርክሩ በከፊል እውነት አለው፤ ይሁን እንጂ ገጾቹን የሚያገላብጥ ሰው ከመበጠሱ ይልቅ ለማሰሩ የተሰጠው ቀለም እንደሚበዛ ሳያስተውል አይቀርም።

ባትማን በ1966 ወደ ቴሌቪዥን በመጣ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወደ ሣቅ ተለወጠ። ረቡዕ ማታ ባትማንና ሮቢን በአንድ አስገራሚ የሞት ወጥመድ ይታሰራሉ፣ ሐሙስ ማታ ይፈታሉ፤ ሰባቱ ቀን አንድ ሌሊት ሆነ። ባትማንን የተጫወተው አዳም ዌስት በማይነቃነቅ ቁም ነገር ከቀበቶው ልክ ለዚያ ወጥመድ የተሠራ መሣሪያ ሲያወጣ፣ ትልልቆቹ ልጅ ሳሉ የተሸነገሉትን እያስታወሱ ሣቁ። ፊልሙ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በ1968 ተቋረጠ። ከዚያ በፊትም ቢሆን የቅዳሜው ሲኒማ ሞቶ ነበር፤ የመጨረሻው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም በ1956 የታየ ነው።

ከዚያ ሣቅ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን አንድ እስራት ሳይሣቅበት አልፎ ነበር። ኢያን ፍሌሚንግ በ1959 ባሳተመው «ጎልድፊንገር» በተባለው መጽሐፍ ጄምስ ቦንድ በጠረጴዛ ላይ ታስሮ ክብ መጋዝ ይመጣበታል፤ በ1964 የወጣው ፊልም መጋዙን ትቶ በምትኩ አዲስ የነበረውን የሌዘር ጨረር አመጣ። ቦንድ ያን ጊዜ በኪሱ መሣሪያ የለም፣ ደርሶ የሚያድነውም የለም። ስለ ጠላቱ ዕቅድ ከሰማው ሁለት ቃል አውጥቶ የሚያውቀው ከዚያ የበለጠ እንደ ሆነ አስመስሎ ይናገራል፤ ጎልድፊንገርም በጥርጣሬ ጨረሩን ያስቆማል። እንደ ቢሊ ባትሰን፣ ይህም በልሳኑ ዳነ።

የቅዳሜው ልጅ ግን አልጠፋም ነበር። ጆርጅ ሉካስ የፍላሽ ጎርደንን ፊልም እንደ ገና ለመሥራት ፈቃድ ፈልጎ ስላላገኘ የራሱን ስታር ዋርስ በ1977 አወጣ። ሁለተኛው ፊልም በ1980 ሲያበቃ ሃን ሶሎ በሕይወት ሳለ በካርቦናይት ውስጥ ረግቶ እንደ ሐውልት ተጭኖ ይወሰዳል፤ ሕዝቡም በዚያው ተሰናበተ። ቀጠሮው ሰባት ቀን ሳይሆን ሦስት ዓመት ነበር፣ የተጫወተው ሃሪሰን ፎርድ ደግሞ ለሦስተኛው ፊልም ገና አልፈረመም ነበርና እስራቱ ከሥዕሉ ውጭም እውነተኛ ሥጋት ነበረው። በእኔ ግምት ከ1914 ወዲህ የተሠራ ታላቁ እስራት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሽንገላ የለበትም፤ በ1983 ሲመለስ ሁሉም በተዉበት ቦታ ይገኛል፣ የሚፈታውም በጉርሻ አዳኝ ልብስ ተሰውራ የገባችው ልዕልት ሊያ ናት፤ ወዲያውም እርሷ ራሷ ትታሰራለች።

በአኒሜሽን በኩል ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በአብዛኛው የቀጥታውን ፊልም መንገድ ተከትሏል። ነገር ግን ብራድ በርድ በ2004 የሠራውን «ዘ ኢንክሬዲብልስ» ሳያነሡ ማለፍ ግፍ ነው። ክፉው ሲንድረም ብዙ መለፍለፍ የሥራ ባልደረቦቹን ሁሉ እንዳጠፋ የሚያውቅ በመሆኑ ሲተርክ ራሱን ይይዛል፣ ያም ሆኖ ማረፍ አይችልም። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች እጅና እግራቸው ተዘርግቶ በአየር ላይ ተንጠልጥለው ሳሉ አባትየው ቤተሰቡን ወደዚህ ያመጣው የእርሱ ትዕቢት መሆኑን፣ ያላቸውንም ሳያይ እንዳለፈ ሲናዘዝ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ኑዛዜውን ሳይፈጽም ልጁ ቫዮሌት በኃይሏ ጋሻ ሠርታ ከእስራቷ ወጥታ ወደ መቆጣጠሪያው እየተራመደች ነበር።